ቀለሙን ሳይልጡ ቼንሶ የሚያጥቡ ልጆች፣ አቶቴ፣ ሐዋሳ

አጭሩን ላስቀድም። ቼንሷችሁን፣ ማለትም በሞተር የሚሠራውን የዛፍ መቁረጫ መጋዛችሁን ስጧቸው። አጽድተው ይመልሱላችኋል፣ ቀለሙም አይነካም። ግን ቸኩላችሁ አትሂዱ። መያዣው ላይ ማብሪያ የሚሉትን የመኪና ዳሽቦርድ ማብረቅረቂያ ቅባት እንዳይቀቡባችሁም ገና ስታስረክቡ ተናገሩ። ዝርዝሩን የፈለገ ይቀጥል።

እኔ አጣና ነጋዴ ነኝ። ባህር ዛፉን ከነቁመናው ከገበሬው እገዛለሁ። ማስቆረጡ፣ ማስጫኑ፣ ሐዋሳ አምጥቶ መደርደሩ የኔ ጣጣ ነው። ለዚህ ብዬ ሁለት ቼንሶ ይዣለሁ። አንዱ ስቲል ኤም ኤስ 381 ነው፣ ሌላው ሁስክቫርና። ራሴ አልቆርጥባቸውም፤ ኦፕሬተሮች አሉኝ። ሲበላሹ የምከፍለው ግን እኔ ነኝና ሆድ ዕቃቸውን ከኦፕሬተሮቹ በላይ አውቀዋለሁ።

ቼንሶ ላይ ሦስት ነገር ይገናኛል፤ ሰጋቱራ፣ የሰንሰለት ዘይትና የዛፉ ሙጫ። ሞተሩ ሲግል ደግሞ አንድ ላይ ያበስላቸዋል። የፍሪሲዮኑ (ሞተሩን ከሰንሰለቱ ጋር የሚያገናኘው ክፍል) ክዳን ሥር የሚጋገረው ነገር ድስት ሥር ያረረ ሽሮ በሉት። በጥፍር ቢፍቁት ጥፍር ይሰበራል እንጂ እሱ አይለቅም። ጥድ የተቆረጠ ዕለትማ አይነሳ፤ ሙጫው እጅ ላይ ተጣብቆ ያድራል።

በኛ አገር በዚህ ላይ የተቃጠለ ዘይት ይጨመርበታል። "የሰንሰለት ዘይት ለምን በውድ እንገዛለን?" ይባልና ከጋራዥ የወጣ ጥቁር የመኪና ዘይት ይሞላበታል። እኔ ከልክያለሁ። ዞር ስል ግን እንደሚደረግ አውቃለሁ፤ ብርቱካናማው ፕላስቲክ ጠቁሮ ሲመጣ ማን ይዋሻል? የተቃጠለ ዘይት ውስጥ ከሞተር ተፍቆ የወጣ የብረት ብናኝ አለ። ባሩንም (ሰንሰለቱ የሚዞርበትን ረጅም ብረት) የዘይት ፓምፑንም ይበላል። ኦፕሬተሩ ልብስና ቆዳ ላይ የሚረጨውም እሱው ነው።

ጥቀርሻው ለዓይን ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልተጨነቅኩ። ቼንሶ ራዲያተር የለውም፤ የሚያቀዘቅዘው አየር ነው። በማስነሻ ገመዱ በኩል ያለው ቮላኖ የሚባል ክንፋም ተሽከርካሪ እየዞረ አየር ይገፋል፣ አየሩም በሲሊንደሩ ዙሪያ ባሉት ቀጫጭን ክንፎች መሃል ያልፋል። ክንፎቹ በቅባትና በሰጋቱራ ከተደፈኑ ሞተሩ ይታፈናል፣ ፒስተኑ ይነክሳል፣ ማለትም ሲሊንደሩ ውስጥ ተጣብቆ ይቆማል። ፒስተንና ሲሊንደር ገዝቶ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

"እሺ ይጽዳ፣ ቀለሙ ግን ምን ይሠራልሻል? መቁረጡን ይቁረጥ እንጂ" ይለኛል ባለቤቴ። ብዙ ይሠራልኛል። እንደ 381 ያሉ ትልልቅ ቼንሶዎች የሞተር ቤታቸው ማግኒዝየም ነው። ለክብደቱ ጠንካራ ስለሆነ ነው የተመረጠው። ግን ቀለሙ ከተላጠ እርጥበት ይገባበታል፤ ነጭ ዱቄት እያወጣ ቀስ በቀስ ይሸረሸራል። ሌላው ደግሞ ቼንሶ ተሠርቶበት ሲያበቃ ይሸጣል። ገበያው ላይ አስመስለው የሠሩት ስቲል ሞልቷል። ስለዚህ ሁለተኛ እጅ የሚገዛ ሰው ቀለሙን፣ ተለጣፊውን፣ የተመታውን ቁጥር አገላብጦ አይቶ ነው ኪሱን የሚፈታው። የተላጠ ወይም አዲስ የተቀባ ካየ "ምን ደብቀውበት ነው?" ይላል። እኔም ስገዛ እንደዚያው ነኝ።

ከዚህ በፊት ሁስክቫርናውን ሌላ ቦታ አሳጥቤው ነበር። የት እንደሆነ አልናገርም፤ ሐዋሳ ሁላችንም የምንተዋወቅባት ከተማ ናት። የፍሪሲዮኑን ክዳንና ሌላውን ዕቃ ሁሉ ኮስቲክ ሶዳ የሟሟበት ሙቅ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈው ወደ ሌላ ሥራቸው ዞሩ። ስመለስ ጥቀርሻው የለም። ቀለሙም የለም። ክዳኑ ቦታ ቦታውን ተልጦ ግራጫ ሆኗል፣ አሉሚኒየሙ ደግሞ እንደ ከሰል ጠቁሯል። "ጸዳ አይደል እንዴ?" አሉኝ ደግሞ። ጸድቷል! ከቆዳው ጋር ነው እንጂ የጸዳው።

ስለ ኮስቲክ ትንሽ ልበል፣ ምክንያቱም ሁሉም ሰው እሱን ነው የሚመክራችሁ። እናቶቻችን ከሞራና ከዘይት ሳሙና የሚሠሩበት ነገር ነው። የስጋ ስብንና የምግብ ዘይትን እውነትም ሳሙና ያደርጋቸዋል። የሞተር ዘይት ግን ከመሬት የወጣ ነው፤ ሳሙና አይሆንም። ጥቀርሻው ሲለቅ ያያችሁት ብዙ ጊዜ ሥሩ ያለው ቀለም ሲነሳ ተሸክሞት ስለሚነሳ ነው። አሉሚኒየም ላይ ሲያርፍ ደግሞ ይፈላል። ሰው አረፋውን አይቶ "ሥራውን እየሠራ ነው" ብሎ ይደሰታል። የሚፈላው ብረቱ ሲበላ የሚወጣ ሃይድሮጂን ነው። ዓይን ውስጥ ቢረጭ የሚያደርገውን ደግሞ አልነግራችሁም።

ወደ ልጆቹ ልምጣ። የጠቆመኝ ወንዶ ገነት በኩል የሚሠራ ኦፕሬተር ነው። ወንዶ ገነት የደን ኮሌጁ እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ ስላለ ይሁን፣ እንጃ፣ ከዚያ የሚመጡ ኦፕሬተሮች ዕቃ አያያዝ ላይ ጠንቃቃ ናቸው። ከአቶቴ ትንሽ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ያለ የቆርቆሮ ቤት ነው። ሰሌዳ የለውም። በር ላይ የተደረደሩትን ጀነሬተሮችና የውሃ ፓምፖች አይታችሁ መግባት ነው። ዋና ሥራቸው ጥገና ነው፤ እጥበቱን ለብቻውም ይቀበላሉ። ወንድማማቾች ናቸው፤ ትልቁ መካኒክ ነው፣ ታናሹ አጣቢ። እዚህ የማወራው ስለ ታናሹ ነው።

381ን ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጥለት መጀመሪያ ያደረገው መጠየቅ ነው።

"እትዬ፣ ለሰንሰለቱ ምን ዘይት ነው የሚሞሉበት?"

"ተወኝ እስቲ ልጄ፣ ገበናዬን አታውጣ።"

ሳቀ። ጣቱን ክዳኑ ሥር ሰደድ አድርጎ ጥቁሩን ነገር በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መሃል አሸት አሸት አደረገውና "የተቃጠለ ነው" አለ። "ሻካራ ነው፣ ይኸው።" እኔም ነካሁት። እውነትም አሸዋ አሸዋ ይላል። ለዚህ ነው መጀመሪያ በደረቅ ጨርቅ የማይጠርገው። ያ ብናኝ በጨርቅ ሲታሽ ቀለሙ ላይ የብርጭቆ ወረቀት ይሆናል፤ ጭረቱ የሚታየው ከታጠበ በኋላ ነው።

ከዚያ ማግኔት አወጣ። ከተበላሸ ስፒከር የነቀለው ትንሽ ማግኔት ነው። የፈታውን ሁሉ እያስነካ ለየ። ማግኔት የያዘው ብረት ወደ አንድ ሳፋ፣ ያልያዘው ወደ ሌላ፣ ፕላስቲክና ጎማው ለብቻ። "አሉሚኒየሙና ማግኒዝየሙስ እንዴት ይለያል?" አልኩት። ጥግ ላይ ከተጣለ የተሰበረ ክዳን ላይ ሰባራውን ጫፍ በሞረድ ነካ አድርጎ አንድ ጠብታ አቼቶ አንጠባጠበበት። ወዲያው ቲፍ ቲፍ እያለ መፍላት ጀመረ። ማግኒዝየም ማለት ያ ነው። አሉሚኒየሙ ላይ ሲያንጠባጥብ ምንም የለም። ለካ "በሎሚ እሺው፣ ያበራል" የሚሉኝ ሰዎች ሞተር ቤቱን አስበሉት ማለታቸው ነው! ሎሚም አቼቶም የባትሪ አሲድም ለማግኒዝየም ያው ናቸው፤ ልዩነቱ ፍጥነት ነው።

ብሎኖቹን የእንቁላል ካርቶን ላይ በየጉድጓዱ አስቀመጠ። እየፈታ በስልኩ ፎቶ ያነሳል። ካንዴላውን (ነዳጁን የሚለኩሰውን) ግን አልነቀለም። የአየር መግቢያውን በንጹሕ ጨርቅ ወተፈ፣ የማርሚታውንም (የጭስ መውጫውንም) አፍ እንደዚያው። ውሃና ቆሻሻ ሲሊንደር ውስጥ እንዳይገባ ነው። ሞተሩ ከሜዳ ትኩስ እንደሆነ ቢመጣም እስኪበርድ አይነኩትም፤ የጋለ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ ሊሰነጥቀው ይችላል።

እዚህ ጋ ነው የልጁ ሥራ ከሌላው የሚለየው። ፈሳሽ ከመንካቱ በፊት በደረቁ ብዙ ይሠራል። ከቀርከሃ የቀረጻት መፋቂያ አለችው፣ ጫፏ እንደ ካቻቢቴ ጠፍጣፋ ሆና ጠርዟ የተለሰለሰ። ካቻቢቴ ራሱን አይጠቀምም፤ ብረት በብረት ላይ ሲንሸራተት ቀለም ይዞ ይሄዳል። በቀርከሃዋ ጥቀርሻውን ከጥግ በኩል እየፈነቀለ ያነሳዋል እንጂ አይፍቀውም። በየክንፎቹ መሃል ቀጭን ቀርከሃ እየሰደደ ያወጣው ሰጋቱራ ጋዜጣ ላይ ተከምሮ ሳየው አፈርኩ። ይህን ሁሉ ተሸክሞ ነው እንዴ ሲሠራ የከረመው?

ቀጥሎ ላምባ ነው። የሚነክረው ዕቃውን አይደለም፣ ብሩሹን ነው። ብሩሹም የጥርስ ብሩሽና የቀለም ቅብ ብሩሽ ነው፤ የሽቦ ብሩሽ አጠገቡ የለም። ላምባውን ቀብቶ ይተወዋል፣ ወደ ሌላ ዕቃ ይሄዳል፣ ተመልሶ ደግሞ ይቀባዋል። የደረቀው ጥቀርሻ እየራሰ ሲመጣ በጨርቅ ተጭኖ ያነሳዋል፣ አይጎትተውም። ጨርቁን በየጊዜው ያገላብጣል። ግትር ያለች ነጥብ ስትቀር እኔ "ፋቅ አድርጋት" ስለው "ትለቃለች እትዬ፣ ትንሽ ትጠጣ" ይለኛል። ለቀቀችም።

ለምን ቤንዚን እንደማይጠቀም ጠየቅኩት፣ ቤንዚን ፈጣን ስለሆነ። ትልቁ ወንድሙ ነው ከውስጥ የመለሰልኝ፤ "ከብየዳው አጠገብ?" ብሎ። ልክ ነው። የቤንዚን ትነት ከዜሮ በታች በ40 ዲግሪ ቅዝቃዜ እንኳ እሳት ይቀበላል። ላምባ ግን ከ38 ዲግሪ በላይ ካልሞቀ ትነቱ በቀላሉ አይለኮስም። ሐዋሳ ጥላ ሥር ሲሠራበት ሰላም ነው፤ የቀትር ፀሐይ ያጋለው ብረት ላይ ግን እሱም አይታመንም። ለዚህ ይመስለኛል ሳፋውን ሁልጊዜ ጥላ ሥር የሚያስቀምጡት።

ላምባው የሟሟውን ቅባት ይዞ ይቀራል፣ ስለዚህ ብቻውን አይበቃም። ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ላርጎ ጠብ አድርጎ በስፖንጅ ያጥባል። የሰሃን መፈግፈጊያ ሽቦ አይደለም፣ ስፖንጅ ነው። ተለጣፊው ጋ ሲደርስ ላምባ ጭራሽ አያስነካም፤ በላርጎና በጣቱ ብቻ ነው የሚያሸው፣ ከመሃል ወደ ጠርዝ። ከጠርዝ ከተጀመረ ይነሳል። "ቁጥሩና ስሙ ከጠፋ ስቲል መሆኑን ማን ያምንዎታል?" አለኝ። ነጋዴ ሊያስተምር የመጣ ልጅ ነው።

ሲሠራ ወሬ ይወዳል። ስቲል ጀርመን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1926 እንደተጀመረ፣ ሁስክቫርና ደግሞ የስዊድን እንደሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ1689 ጠመንጃ ፋብሪካ ሆኖ ተነስቶ ቼንሶ መሥራት የጀመረው በ1959 እንደሆነ የነገረኝ እሱ ነው። ጠመንጃ የሠራ ፋብሪካ እያለ ኮስቲክ የሚነክር መካኒክ መኖሩ ያሳዝናል አልኩት።

በፕሬዠር አያጥቡም። ይህን በደንብ ያዙልኝ። "ላቫጆ ወስደሽ አስመቺው፣ በአምስት ደቂቃ ያልቃል" ያለኝ ሰው ብዙ ነው። የስቲል መመሪያ ራሱ በከፍተኛ ግፊት ውሃ አትጠቡ ይላል። ግፊቱ ውሃውን በኩሽኔታው፣ በኮይሉ፣ ነዳጅና አየር በሚቀላቅለው ካርቡራቶር በኩል ያስገባዋል። ጭረት ያለበትን ቀለምም ከጫፉ ያነሳዋል። ላቫጆ ለመኪና ነው።

ሌላ ቦታ ያላየሁት ነገር ከፍሪሲዮኑ ከበሮ ጀርባ ያለችው ትንሽ ኩሽኔታ ናት። ላምባ ቆሻሻውን ሲያጥብ ግሪሷንም አብሮ ያጥባል። ብዙ ሰው አጥቦ፣ አድርቆ፣ እንደዚያው ይገጥማታል። ደረቅ ሆና ትዞርና ትቃጠላለች፣ ከዚያ "ከታጠበ በኋላ ተበላሸ" ይባላል። ልጁ አዲስ ግሪስ በጣቱ ቀብቶ ነው የመለሳት። የፍሬኑን ቀበቶ ደግሞ በተቃራኒው ደረቅ አድርጎ ጠረገው፤ እዚያ ላይ ቅባት ከቀረ ሰንሰለቱ አይቆምም።

ማጣሪያውን አይቶ "ይህ ወንፊቱ ነው፣ ይታጠባል" አለና በለብታ ላርጎ አጠበው። ወፈር ያለ ሱፍ መሳዩ ማጣሪያ ከሆነ ግን መታ መታ አድርጎ ነው የሚያራግፈው። ሰንሰለቱን ብቻ ነው ላምባ ውስጥ የዘፈዘፈው። ብረት ነው፣ ቀለም የለውም፣ ይችለዋል። ካወጣው በኋላ ወዲያው ዘይት አስጠጣው፤ አለዚያ እስከ ነገ ዝገት ይይዘዋል። የባሩን ቦይ በቀጭን ቆርቆሮ ጠርጎ የዘይቷን ቀዳዳ በሽቦ ከፈታት። ተደፍና ነበር። ባሩ የሚግለው ለካ ለዚህ ነው!

ካርቡራቶሩ ላይ ደግሞ አስገረሙኝ። ፈትተው ቀጫጭኖቹን ጎማዎች ካወጡ በኋላ ገላውን ብቻ ፒያሳ ጋ ስልክ የሚጠግን ጓደኛቸው ዘንድ ላኩት። ስልክ ጠጋኞች ውሃ የገባበትን ቦርድ የሚያጥቡበት አልትራሶኒክ የምትባል ማሽን አለቻቸው፤ ውሃ ትሞላና በማይሰማ ድምፅ ታንቀጠቅጠዋለች። ነጭ ውሃና ጠብታ ላርጎ ብቻ ነው የሚያስገቡባት። ኃይለኛ ነገር ከተጨመረበት ብረቱ ይደበዝዛል። በመርፌ የማይደረስባቸው ቀዳዳዎች ከፍተው መጡ። ሽቦ እየሰደዱ የካርቡራቶር ቀዳዳ የሚያሰፉ ሰዎች ቢያዩ ጥሩ ነበር።

በየሱቁ ስለሚሸጡት ማጽጃዎችም ጠይቄያቸዋለሁ፣ ራሴም ሞክሬያለሁ። የብርቱካን ልጣጭ የሚሸተው ቅባት አስለቃቂ ሙጫ ላይ ጎበዝ ነው። ግን ጎማና ፕላስቲክ ላይ ረጅም ጊዜ መቆየት የለበትም፣ ጎማ ያሳብጣል። ደብሊው ዲ 40 ለትንሽ ሙጫ ግሩም ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 እርጥበት ለማስወገድ የተሠራ ነገር ነው፤ 40 የሆነው በ40ኛው ሙከራ ስለተሳካ ነው ይባላል። ሙሉ ቼንሶ ልጠብበት ካላችሁ ግን ኪሳችሁን አዘጋጁ፤ ለሰንሰለት ዘይትነትም አይሆንም። ቲነር በፍጹም፤ ቀለሙንም ጽሑፉንም ይዞ ይሄዳል። በረኪና ማግኒዝየሙንም አሉሚኒየሙንም ሰንሰለቱንም ይበላል። የኦቨን ማጽጃ የሚሉት ስፕሬይ ደግሞ አብዛኛው ያው ኮስቲክ ነው። ጀርባውን አንብቡ፤ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ የሚል ካለ ስሙን ቀይሮ የመጣው እሱ ነው። አዲስ ነገር ከሆነ የፍሪሲዮኑ ክዳን በውስጥ በኩል፣ ማንም የማያየው ቦታ ላይ ጠብ አድርጎ ጥቂት መጠበቅ ነው። ጨርቁ ብርቱካናማ ወይም ነጭ ከነካ ቀለሙ እየመጣ ነው፣ አቁሙ።

አሁን ወደ ቅሬታዬ።

ልረከብ ስሄድ 381 አብረቀረቀብኝ። ከሱቅ የወጣ ይመስላል። ደስ ብሎኝ መያዣውን ጨበጥ ሳደርገው ከእጄ ሾለከ። ታናሹ በራሱ ተነሳሽነት መኪና ውስጥ ዳሽቦርድ የሚቀባውን ማብሪያ ፕላስቲኩን ሁሉ ቀብቶታል። ሊያስደስተኝ ነው፣ ይገባኛል። ግን ይህ ቼንሶ ነው። ላብ ባለው እጅ የሚያዝ፣ ሲመታ ወደ ኋላ የሚዘል ነገር ነው። ሲሊኮን የተቀባ መያዣ ይዞ ዛፍ ሥር የሚቆመው የኔ ሠራተኛ ነው። ቆጣ ብዬ ተናገርኩት። አልተከራከረም፤ እዚያው በላርጎና በሙቅ ውሃ ደጋግሞ አጠበው፣ እኔም እየጨበጥኩ አረጋገጥኩ። ትልቁ ወንድሙ "ለሽያጭ የሚያመጡ ሰዎች ስለሚጠይቁ ለምዶ ነው" አለኝ። ለሽያጭም ቢሆን ከመያዣው ውጪ ይሁን።

ቀጠሮ ደግሞ አያከብሩም። "ነገ ይድረሱ" ይሏችኋል፤ ነገ ስትሄዱ ኮምፕረሰሩ ቆሟል፣ መብራት የለም። መብራቱ የነሱ ጥፋት አይደለም፣ እሺ። ስልክ አንስቶ "ዛሬ አይምጡ" ማለት ግን መብራት አይፈልግም። ደረሰኝም የላቸውም፤ ደብተር ላይ ጽፈው ያስፈርሟችኋል።

ቆሻሻውን የት ነው የምትደፉት ብዬም ጠይቄያለሁ። ላምባውን ጀሪካን ውስጥ ያስቀምጡትና ዝቃጩ ሲወርድ ከላይ ያለውን ቀድተው መልሰው ይጠቀሙበታል። ዝቃጩን ከሰጋቱራ ጋር ለውሰው በጆንያ ያስራሉ። ይህ ጥሩ ነው። የላርጎው ውሃ ግን ደጅ ወዳለው ቦይ ነው የሚሄደው። ሐዋሳ ሐይቅ መውጫ የለውም፤ የገባበት ሁሉ እዚያው ነው የሚቀረው። እዚያው ዓሣ እየበላን ይህን ማድረግ ያስተዛዝባል አልኳቸው። "እውነትዎን ነው" አሉ። ጉድጓድ ይቆፍሩ አይቆፍሩ ሳልፍ አያለሁ።

ዋጋቸው ከኦሪጅናል ካንዴላ ብዙም አይርቅም፣ ካርቡራቶሩ ለብቻ ይታሰባል። ለጉልበቱ ሲታይ ርካሽ ነው። ከአምስት አራት እሰጣቸዋለሁ። የቀነስኩባት አንዷ ለቀጠሮውና ለማብሪያው ትሁን።

የምትሄዱ ከሆነ ነዳጁንም ዘይቱንም አራግፋችሁ ውሰዱ፤ እንደሞላ አይቀበሉም። ከማስረከባችሁ በፊት ተለጣፊውንና ቁጥሩን ፎቶ አንሱ፤ ስለማላምናቸው አይደለም፣ የየትኛውም ጋራዥ ደንብ ይህ መሆን አለበት። ቅዳሜን ተዉት፤ የጀነሬተር ሰው ይበዛል፣ እጥበት ወደ ኋላ ይገፋል።

ያንን በኮስቲክ የተላጠ የሁስክቫርና ክዳንም ወስጄ አሳይቻቸዋለሁ። ዝም ብሎ ስፕሬይ ቢቀባ እንደማይዝ ነገሩኝ። ነጩ ዱቄት በደንብ ተነስቶ፣ ለቀላል ብረት የሚሆን ኢፖክሲ ፕራይመር ከሥር ካልገባ ቀለሙ በወራት ውስጥ ቅርፊት እየሆነ ይረግፋል። ፕራይመሩን እዚህ አላገኘሁትም። አዲስ አበባ ያለች እህቴ ኦሪጅናል ክዳን ዋጋ እየጠየቀችልኝ ነው። ከፕራይመሩና ከቀለሙ ድምር ብዙ ካልበለጠ ክዳኑን እገዛለሁ፣ አሮጌውን ደግሞ ለልጁ ለአቼቶ ማሳያ እሰጠዋለሁ።